ቁጥሩ ዓይን ፊት ሲቆም፦ በጭንብል ላይ የሚገጠመው የጠላቂ ኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

አንድ የስኩባ ጠላቂ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው መብራት ይዟል። በዚያች ቅጽበት ማወቅ ያለበት ብዙ ነው፦ ጥልቀቱ፣ ከገባ ያለፈው ጊዜ፣ በሲሊንደሩ የቀረው አየር፣ ያለ ማቆሚያ በቀጥታ ለመውጣት የቀረው ደቂቃ። ይህን ሁሉ የሚነግረው ኮምፒውተር ግን የታሰረው አንጓው ላይ ነው። ለማየት ወይ ካሜራውን ማዞር፣ ወይ መብራቱን መልቀቅ፣ ወይም «ትንሽ ቆይቼ አያለሁ» ማለት አለበት። ሦስተኛው ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ደቂቃ መዘግየት ውስጥ ግን አየሩም ጊዜውም እየተበላ ነው።

በጭንብል ላይ የሚገጠመው ኮምፒውተር ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተሠራ ነው። ቁጥሮቹን ከአንዱ ዓይን ፊት ያቆማቸዋል፤ ጠላቂው እጁን ሳያነሣ፣ አንገቱን ሳይደፋ ያነባል። መሣሪያው ጠላቂውን በራሱ ከአደጋ የሚጠብቅ የሚመስላቸው ግን አሉ። ሥራው አንድ ነው፤ ቁጥሩን ማድረስ። የቁጥሩን ትርጉም ማወቅና ጭንብሉ ቢወልቅ ምን እንደሚደረግ ማሰብ የጠላቂው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች ሁለቱንም ወገን እንመለከታለን።

ስሙ ከየት መጣ? ስንት ዓይነትስ አለ?

እንዲህ ያለው መሣሪያ «ሄድ-አፕ ዲስፕሌይ» ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከጦር አውሮፕላን ነው። አብራሪው ወደ መሣሪያ ሰሌዳው ራሱን ሳይደፋ፣ ፊት ለፊት እያየ ፍጥነቱንና ከፍታውን የሚያነብበት መስታወት ነበር። ዛሬ በአንዳንድ መኪኖች የፊት መስታወት ላይም ይገኛል። በአጭሩ «ሃድ» ይባላል፤ እኛም በዚሁ እንቀጥል።

ጠላቂዎች ሃድ የሚሏቸው መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ቀላል መብራት ነው። የተነፈሱትን አየር አጣርቶ መልሶ በሚያስተነፍሰው ሪብሪዘር የሚጠልቁ ሰዎች አፋቸው አጠገብ ትንሽ አምፖል አለቻቸው፤ በቀለሟና በብልጭታዋ የኦክስጅኑ መጠን ደህና መሆን አለመሆኑን ትነግራቸዋለች። ቁጥር አታሳይም። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ጭንብሉ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣበት ነው፤ የኦሺያኒክ «ዳታማስክ» የታወቀው ምሳሌ ነው። የዚህ ዓይነቱ ችግር ግልጽ ነበር። ጭንብል እንደ ጫማ ነው፤ የአንዱ ፊት ከሌላው አይገጥምም። ጭንብሉ ፊትዎ ላይ ውኃ ካስገባ ኮምፒውተሩም አብሮ አይጠቅምዎትም።

ሦስተኛው ከጭንብሉ ጋር ሳይሆን አፍ ላይ ከሚያዘው የመተንፈሻ ክፍል፣ ማለትም ከሬጉሌተሩ ጋር ይታሰራል። የካናዳው ሺርዎተር «ነርድ 2» እንዲህ ያለ ነው። አራተኛው፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ፣ በተራ ጭንብል የፊት መስታወት ላይ በማቀፊያ የሚሰካ ነው። ስኩባፕሮ በ2019 ያወጣው «ጋሊልዮ ሃድ» በዚህ መደብ በብዛት የሚነሣው ነው፤ እስከ 120 ሜትር ጥልቀት እንዲሠራ ተመድቧል፣ በአንዲት የምትዞርና የምትጫን ቁልፍ ይታዘዛል፣ በማይፈለግበት ጊዜም በማጠፊያው ወደ ላይ ይነሣል።

በአንዳንድ ቪዲዮዎች የሚታየው፣ በጨለማ ውኃ ውስጥ የሰመጠን መርከብ ሥዕል ለጠላቂው የሚያሳየው ሥርዓት ከነዚህ አይደለም። ያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2016 ሙከራውን ያሳየው፣ በብረት ቆብ ውስጥ የሚገባና ከላይ ካለው መርከብ በገመድ መረጃ የሚቀበል መሣሪያ ነው። በጭንብል ላይ የሚገጠመው ሃድ የውኃውን ውስጥ አያይም፤ ዓሣም ድንጋይም አይለይም።

ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ምንድን ነው?

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። በምድር ላይ ናይትሮጅን ምንም አያደርገንም፤ ገብቶ ይወጣል። ውኃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። በውኃው ገጽ 1 ባር የነበረው 10 ሜትር ላይ 2፣ 30 ሜትር ላይ 4 ባር ይሆናል። ሬጉሌተሩም አየሩን በዚያው ግፊት ስለሚያቀብል ናይትሮጅኑ በደምና በሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል።

የአምቦ ውኃ ጠርሙስን ያስቡ። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ አረፋ አይታይም፤ ጋዙ በግፊት ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑን ቀስ አድርገው ቢፈቱት ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በአንዴ ቢከፍቱት ይገነፍላል። ከጥልቀት በፍጥነት የሚወጣ ጠላቂ ሰውነት በአንዴ እንደተከፈተው ጠርሙስ ነው። አረፋው በመገጣጠሚያ፣ በአከርካሪ ወይም በአንጎል ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ ሕመሙ የዴኮምፕሬሽን ሕመም ይባላል።

ናይትሮጅን ሁሉም የሰውነት ክፍል ውስጥ እኩል አይገባም። ነጠላና ጋቢ አንድ ላይ ውኃ ውስጥ ቢነከሩ ነጠላው ወዲያው ይርሳል፣ ሲሰጣም ወዲያው ይደርቃል፤ ጋቢው ውኃውን ለመጠጣትም ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ደም የሚያገኘው የሰውነት ክፍል እንደ ነጠላው፣ ስብና መገጣጠሚያ እንደ ጋቢው ነው። የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ይህን በ16 ምናባዊ ክፍሎች ከፍሎ አስልቶታል። ፈጣኑ ክፍል ልዩነቱን በግማሽ ለመሙላት 4 ደቂቃ ያህል፣ ዝግተኛው 635 ደቂቃ ይፈጅበታል። በስሌቱ ስም፣ በ«ZH-L16»፣ ውስጥ ያለው 16 ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው፤ ዛሬ በገበያ ያሉ ብዙ የጠላቂ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ወይም ከእሱ በተገኘ ቀመር ነው።

ሃዱ በየጥቂት ሰከንዱ ጥልቀቱን በግፊት መለኪያው እያነበበ የ16ቱንም ክፍሎች ሂሳብ ያድሳል። ከዚያ አንድ ቁጥር ያወጣል፦ «በዚህ ጥልቀት እስከ ስንት ደቂቃ ብትቆይ ሳትቆም ልትወጣ ትችላለህ?» ይህ ያለ ማቆሚያ የሚፈቀድ ጊዜ ነው። በአየር ለሚደረግ የዕለቱ የመጀመሪያ መጥለቅ በብዙ የሥልጠና ሰንጠረዦች 18 ሜትር ላይ አንድ ሰዓት ያልሞላ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ጊዜው ካለፈ ኮምፒውተሩ የማቆሚያ ጥልቀትና ደቂቃ ያዛል፤ ለምሳሌ «6 ሜትር ላይ 4 ደቂቃ»።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ መሣሪያው ከደምዎ ምንም አይለካም። ለዚህ ስሌት የሚያውቀው ጥልቀትን፣ ጊዜንና የተነገረውን የጋዝ ዓይነት ብቻ ነው። ውኃ የጠማዎት፣ ያልተኙ፣ በብርድ የተንቀጠቀጡ ቢሆኑም ባይሆኑም የሚያሳየው ቁጥር ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ዜሮ እስኪደርስ መጠበቅ ገደሉ ጫፍ ድረስ መሄድ ነው፤ 5 ደቂቃ ሲቀር መነሣት መጀመር ጥሩ ልማድ ነው።

ይህን ያህል ለዓይን የቀረበ ስክሪን እንዴት ይነበባል?

ጣትዎን ከዓይንዎ 4 ሴንቲሜትር ያህል አቅርበው የጣትዎን መስመሮች ለማየት ይሞክሩ። ደብዛዛ ነው፤ ዓይን በዚህ ቅርበት ማተኮር አይችልም። ሃዱ ግን ይነበባል፤ ምክንያቱም በስክሪኑና በዓይኑ መካከል ሌንስ አለ። የፎቶ ካሜራ ማያ ወይም መነጽረ ሩቅ ላይ ዓይኑን ያስጠጋ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፦ መስታወቱ ዓይኑ ሥር ነው፣ የሚታየው ምስል ግን ራቅ ብሎ የቆመ ይመስላል። በሃዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኦሌድ (በራሷ የምታበራ) ስክሪን በሌንሱ አልፋ 1 ሜትር ገደማ ፊት ለፊት የተንጠለጠለች ሰሌዳ ሆና ትታያለች።

ይህ ዕድሜያቸው ከ45 ለዘለለ ጠላቂዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ውኃ ውስጥ በጭንብል ሲታይ ነገር ሁሉ ከእውነተኛው ርቀት ሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል፤ 40 ሴንቲሜትር ላይ ያለ የእጅ ኮምፒውተር 30 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ይመስላል። የቅርብ ንባብ የሚያስቸግረው ሰው ክንዱን ቢዘረጋም አይረዳውም። 1 ሜትር ላይ ያለን ምስል ግን ያለ ማንበቢያ መነጽር ያነበዋል። የሩቅ እይታ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ጉዳይ ይለያል። መነጽራቸው ከ1 ዲዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) የማይበልጥ ከሆነ አይቸገሩም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጭንብሉ ላይ የሐኪም ቁጥር ያለው መስታወት ማስገባት ወይም ኮንታክት ሌንስ ማድረግ ያስፈልጋል።

የደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል። እይታ ከክንድ ባነሰበት ወደብ ወይም ሐይቅ ውስጥ የእጅ ኮምፒውተር ጭንብሉ ላይ ካልተለጠፈ በቀር አይታይም፤ በመካከሉ ያለው ውኃ ሁሉ ጭቃ ነው። በሃዱና በጭንብሉ መስታወት መካከል ግን ያለው ውኃ እጅግ ስስ ነው። ስክሪኗ የራሷ ብርሃን ስላላት ቀይ ቀለም ከጥልቀት ጋር መጥፋቱም አይነካትም፤ 40 ሜትር ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር የተሞላ ነው እንበል፤ በውስጡ 2,400 ሊትር አየር አለ። 50 ባሩን ለመጠባበቂያ ብንተው ለሥራ የሚውለው 1,800 ሊትር ነው። በውኃው ገጽ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሆነ 80 ሊትር ይወስዳል። 1,800ን ለ80 ስናካፍል 22 ደቂቃ ተኩል እናገኛለን። በዚያው ጥልቀት ያለ ማቆሚያ የሚፈቀደው ጊዜ 20 ደቂቃ አካባቢ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ይሮጣሉ፤ ለመውጣት የሚያስፈልገው አየር ሲታሰብ ደግሞ አየሩ ሊቀድም ይችላል። ትንሽ የደነገጠ ወይም ጅረት የሚታገል ሰው 20 ሊትሩ በቀላሉ 40 ይሆንበታል። ስለዚህ ሃዱ ላይ የሲሊንደር ግፊቱና የቀረው ደቂቃ ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርጎ ማስተካከል ከሁሉም ይቀድማል።

ከነሱ ቀጥሎ የሚታየው የመውጫ ፍጥነት ነው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በደቂቃ ከ9 እስከ 10 ሜትር አካባቢ ያለውን ይፈቅዳሉ። የእጅ ኮምፒውተር የሚይዝ ሰው ይህን በየጊዜው ብቅ እያለ ያየዋል፤ በሃድ ግን ፍጥነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይን ፊት ነው። በሰማያዊ ውኃ መሀል፣ ገመድም ወለልም በማይታይበት ቦታ፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ የጥንቃቄ ቆይታ ማድረግ ለብዙ ጠላቂ ከባድ ነው፤ ሳያውቀው 3 ሜትር ይደርሳል ወይም 7 ሜትር ይወርዳል። ጥልቀቱ ያለማቋረጥ ከታየ ግን በእስትንፋስ ብቻ ይስተካከላል። ሃድ ዋጋውን በደንብ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ናይትሮክስ፣ ማለትም ኦክስጅኑ የተጨመረ ድብልቅ፣ የሚጠቀም ሰው የጋዙን መቶኛ ራሱ ማስገባት አለበት። ኮምፒውተሩ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ጋዝ አይቀምስም። 32 ከመቶ ኦክስጅን ለተለመደው የ1.4 ባር የኦክስጅን ግፊት ገደብ የሚፈቅደው 33 ሜትር ያህል ነው፤ 36 ከመቶ ደግሞ 28 ሜትር ያህል። ያለፈው ቀን ቁጥር ሳይቀየር ቢቀር ስክሪኑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ነገር ያሳያል።

የሲሊንደሩ ግፊት ያለ ቱቦ እንዴት ይደርሰዋል?

በሬጉሌተሩ ከፍተኛ ግፊት መውጫ ላይ ትራንስሚተር የምትባል በአውራ ጣት የምትመሰል ቁራጭ ትታሰራለች። ግፊቱን ለክታ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሞገድ ትልካለች። ስልካችን የሚጠቀምበት ብሉቱዝ ውኃ ውስጥ ወዲያው ስለሚዋጥ እዚህ አይሠራም፤ ዝቅተኛው ሞገድ ግን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ከጀርባ እስከ ፊት ላለው ርቀት ይበቃል።

መልእክቱ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። የካሜራ ፍላሽ ሲበራ፣ ጠላቂው በሞተር የሚጎተት ስኩተር ሲይዝ፣ ወይም አንገቱን ዞር አድርጎ ሃዱን ከትራንስሚተሯ ሲያርቅ ቁጥሩ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ይመለሳል። ካልተመለሰ የትራንስሚተሯ ባትሪ ነው። ስለዚህ መርፌ ያለው የተለመደው የግፊት መለኪያ አብሮ መታሰሩ መተው የለበትም። ሌላው ጥንቃቄ፦ ትራንስሚተሯን እንደ እጀታ ይዘው ሲሊንደር የሚያነሡ ረዳቶች አሉ፤ አንገቷ ይሰበራል። ጀልባው ላይ አስቀድሞ መናገር ይበጃል።

እንዴት ይገጠማል?

ከሁሉ በፊት ጭንብሉ ብቻውን ይፈተን። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ያስጠጉት፤ በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ይሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ይገጥማል። የፊት ክብደት ሲጨመርበት ደካማው ቦታ መጀመሪያ ይከፈታልና ለዚህ ፈተና ጊዜ ይስጡ። በሚገዙበት ጊዜ የሃዱ ማቀፊያ ለየትኞቹ ጭንብሎች እንደተሠራ መጠየቅም ግድ ነው።

ቀጥሎ የትኛው ዓይንዎ መሪ እንደሆነ ይለዩ። ሁለት እጆችዎን አገናኝተው ትንሽ ቀዳዳ ይፍጠሩ፤ በቀዳዳው ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ ይመልከቱ። አንድ ዓይን ሲጨፍኑ ነገሩ ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ክፍት የሆነው ዓይን መሪው ነው። ብዙ ሰው በመሪ ዓይኑ ሲያነብ ይቀለዋል፤ ካሜራ የሚጠቀሙ ግን መሪውን ለካሜራ ትተው ሃዱን በሌላው ያደርጉታል። መሣሪያው ለሁለቱም ዓይን መሆን አለመሆኑን ከመግዛት በፊት ያረጋግጡ።

ሃዱን ከሰኩ በኋላ ስክሪኑ አራቱም ማዕዘኖቹ እስኪታዩ ድረስ ያንቀሳቅሱት። አንዱ ማዕዘን ከተቆረጠ ወይ ከፍ ብሏል ወይ ርቋል። ፊት ለፊት ሲያዩ መንገድዎን መዝጋት የለበትም፤ ዓይንን ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ሲያዞሩ ብቻ ቢገኝ ይመረጣል። መስተካከሉ ደረቅ ቦታ ላይ ያልቃል ብለው አያስቡ፤ ውኃ ውስጥ ግፊቱ ጭንብሉን ወደ ፊትዎ ስለሚያስጠጋው የመጀመሪያ ቀን በገንዳ ውስጥ እንደገና ያስተካክሉት።

አዲስ ጭንብል ከፋብሪካ ሲወጣ በመስታወቱ ላይ ስስ የሲሊኮን ቅባት አለው። ካልተፈተገ ጭጋግ ይይዘዋል፤ ጭጋግ የያዘ መስታወት ደግሞ ባሕሩንም ሃዱንም በአንድ ላይ ይጋርዳል። በጥርስ ሳሙና ውስጡን ደጋግሞ ማሸት፣ ከዚያ በየጊዜው በምራቅ ወይም በሕፃናት ሻምፑ ጠብታ ማለቅለቅ ይበቃል። በመጨረሻም ሃዱን በቀጭን ገመድ ከጭንብሉ ማሰሪያ ጋር ማሰር አይረሳ።

ውኃ ውስጥ ምን ይበላሻል?

ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ ጭንብል ይወልቃል። በባልደረባ የእግር መዋኛ ክንፍ ይመታል፣ በሞገድ ይነጠቃል። የእጅ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጭንብሉ ቢጠፋም ቁጥሩ እጁ ላይ ነው፤ የጭንብል ሃድ ያለው ሰው ግን ማየቱንና ማወቁን በአንድ ጊዜ ያጣል። ከሬጉሌተር ጋር የሚታሰረው ዓይነት እዚህ ይሻላል፤ በምላሹ መተንፈሻ ለመለወጥ ሬጉሌተሩን ከአፍ ሲያወጡ ስክሪኑም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም ክፍተት አላቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ኮምፒውተር በእጅ ላይ ማሰር ለቅንጦት አይደለም። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከመጀመሪያው መጥለቅ አንሥቶ አብረው መግባት አለባቸው፤ ጠዋት ሳጥን ውስጥ የዋለ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ የሰውነትዎን ናይትሮጅን አያውቅም።

ውኃ የገባበትን ጭንብል ለማጽዳት ጠላቂው የላይኛውን ጠርዝ በእጁ ተጭኖ በአፍንጫው አየር ወደ ውጭ ያስወጣል። እጁ ሃዱን ከገፋ ማቀፊያው ይንሸራተታል ወይም ጠርዙ ይከፈትና ሌላ ውኃ ይገባል። በየትኛው ጣት የት መጫን እንዳለበት በጥልቅ ውኃ ሳይሆን በገንዳ ይለመዳል፤ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ ዓይን ተጨፍኖ።

ኮምፓሱ ሌላ ወጥመድ አለው። የእጅ ኮምፓስ የሰውነትን አቅጣጫ ይከተላል፣ የሃዱ ግን የጭንቅላትን። ዓሣ ለማየት አንገትዎን 60 ዲግሪ ካዞሩ ኮምፓሱም 60 ዲግሪ ይዞራል፤ እየዋኙበት ያለው መስመር ግን አልተለወጠም። አቅጣጫ ሲነበብ አገጭና እምብርት አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። ባትሪ ከተሞላ ወይም አገር ከተቀየረ በኋላ ኮምፓሱን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ረቂቁ ትኩረት ነው። በ1980 በናሳ በተደረገ የማስመሰያ በረራ ጥናት፣ በሃድ ያርፉ ከነበሩ አብራሪዎች አንዳንዶቹ በማረፊያው ሜዳ ላይ የቆመ ሌላ አውሮፕላን ሳያስተውሉ ቀርተዋል። ዓይናቸው ወደዚያው ነበር፤ ልባቸው ግን ቁጥሩ ላይ ነበር። ጠላቂም ቁጥሩን እያየ ባልደረባውን ሊያጣ ይችላል። በመውረድና በመውጣት ጊዜ ሃዱን ዝቅ አድርጎ፣ በመሀሉ ባለው ጊዜ ወደ ላይ አጥፎ ማቆየት፣ ወይም ቢያንስ ስክሪኑን ሦስት ወይም አራት ቁጥሮች ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይረዳል።

ከውኃ ሲወጣስ?

ጭንብልን ግንባር ላይ መስቀል መጥፎ ልማድ ነው፤ ሃድ ካለው ደግሞ ውድ ልማድ ይሆናል። አንድ ሞገድ ይበቃዋል። ወደ ውኃ ሲዘሉ በአንድ እጅ መዳፍ ሬጉሌተሩን፣ በጣቶች ጭንብሉንና ሃዱን ይያዙ። ጀልባ ላይ ላለ ረዳት ሲያቀብሉ ከማሰሪያው ይስጡት።

ሌንሱ ብርሃንን ወደ ዓይን ብቻ አያመጣም፤ ከውጭም ወደ ስክሪኑ ያስገባል። ጭንብሉ ጀልባው ላይ ሌንሱ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ቢቀመጥ፣ ሕፃናት በማጉያ መስታወት ወረቀት እንደሚያቃጥሉት፣ ስክሪኗ ሊቃጠል ይችላል። በከረጢቱ ውስጥ ወይም ወደ ታች ተገልብጦ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ማታ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ይነከር፤ የግፊት መለኪያው ቀዳዳ ላይ ጨው ከደረቀ ጥልቀቱን ያዛባል። ቁልፏንም በውኃው ውስጥ እያለች ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል። የባትሪ መሙያው ነጥቦች ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ብረቱ ይበላል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰውስ?

ይህ ክፍል በመመሪያ መጽሐፎች ላይ በአጭሩ የሚታለፍ ነው፤ ለኛ አንባቢዎች ግን ከሁሉ ይበልጣል። ኮምፒውተሩ መጥለቁ ሲያልቅ «አይብረሩ» የሚል ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ እንዳለ ያህል ይቀንሳል፤ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በዚያ ግፊት አረፋ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ምክር ከአንድ ያለ ማቆሚያ የተጠናቀቀ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት፣ የግዴታ ማቆሚያ ላደረገ ደግሞ ከዚያም የበለጠ መጠበቅ ነው፤ ብዙዎች በደፈናው 24 ሰዓት ይይዛሉ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ጅቡቲ ውስጥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ጠልቆ በመኪና ወይም በባቡር የሚመለስ ሰው፣ አውሮፕላን ባይሳፈርም፣ መድረሻው ራሱ አውሮፕላን ውስጥ እንዳለ ያህል ነው። በረራው በጥቂት ሰዓት ያበቃል፤ ከተማው ውስጥ ግን ያድራል። ኮምፒውተሩ መንገዱን አያውቅም፤ የሚቆጥረው «አይብረሩ» የሚለው ሰዓት ለመንገድም እንደሚሠራ ማወቅ ያለበት ባለቤቱ ነው። ከኤላት፣ ከጅዳ ወይም ከግብፅ ቀይ ባሕር ጠረፍ በአውሮፕላን ለሚመጣውም ያው ነው፤ በረራው ሲያልቅ ከፍታው አያልቅም።

ከፍ ባለ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ጉዳይ ያስብ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ከዚያ በታች ያለው ስሌትም ሁሉ ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው በውኃው ገጽ ላይ ሳለ የአየሩን ግፊት ሲለካ ነው። እንግዲህ ከመጥለቅ በፊት ዳር ላይ ሆነው ሃዱን ያብሩ፣ ስክሪኑ ላይ የከፍታ ደረጃው ምልክት መለወጡን ይመልከቱ፤ ካልተለወጠ ያስተካክሉት፤ የጨው ውኃና የንጹሕ ውኃ ምርጫውንም ከፍተው ያስተካክሉና ከዚያ ጭንብሉን ያጥልቁ።